የብራንድ ስም ጋይንት ላይ ዋስትና አይሆንም

ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ፣ በአጠቃላይ ከጋይንትና ከአካባቢው ተነስቶ ኮምፒውተር ሊገዛ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው ምክር አያጣም። «ብራንድ ግዛ። ያገለገለም ቢሆን ኤችፒ ወይም ዴል ይሁን። ኮር አይ ሰቨን ይሁን። ገጣጥመው የሚሸጡትን እንዳትነካ» ይሉታል። ይህን የሚለው ከተማ የተማረው ዘመዱ ነው፤ የወረዳው የአይሲቲ ባለሙያም ይለዋል፤ ሻጩ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይለዋል። ዕቃ እየመረጡ የራስን ኮምፒውተር መገጣጠም የአዲስ አበባ ጌም ተጫዋቾች ቅንጦት ነው፣ ለክፍለ ሀገር አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ ሥር ከመስደዱ የተነሳ የሚጠይቀው ሰው እንኳ የለም።

እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። ዕቃን ከዕቃ አስማምቶ መግጠም ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው መለዋወጫ ከደጁ ለራቀበት ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቢሳሳት መርካቶ ወይም መገናኛ ሄዶ በግማሽ ቀን ያስተካክለዋል። ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ያለው ሰው ሲሳሳት ግን ስሕተቱ ወራት ያስከፍለዋል። እንግዲህ ጥንቃቄው ለማን ይገባል?

በመጀመሪያ ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ። እነዚያ ያገለገሉ ሳጥኖች በደንብ የተሠሩ ናቸው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ለትላልቅ መሥሪያ ቤቶች የተገዙ፣ ጥቂት ዓመት አገልግለው በአዲስ የተተኩ፣ ከዚያም በዱባይ በኩል በጅምላ ተሽጠው እኛ ዘንድ የደረሱ ናቸው። ቆርቆሯቸው ወፍራም ነው፤ ማዘርቦርዳቸውም ጥሩ ነው። የተሠሩለት ቢሮ ግን መብራት የማይዋዥቅበት፣ ዕቃው ሲበላሽ ስልክ ተደውሎ የአምራቹ ባለሙያ በማግሥቱ ምትኩን ይዞ የሚመጣበት ቢሮ ነበር። የብራንዱ ዋስትና ያ ባለሙያ ነው። ሳጥኑ ከዱባይ ሲነሳ ባለሙያው አብሮ አልተጫነም።

እኛ ዘንድ ኮምፒውተርን የሚገድለው ምን እንደሆነ ጠጋኞች ሁሉ ያውቁታል፤ መብራቱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ማምሻውን የሰፈሩ ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ አምፖሉ ይደክማል፣ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ይወርዳል፤ ምጣዱ ሲነሳ ደግሞ ሽቅብ ይዘላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ምት ከሁሉም የከፋ ነው። ይህን ሁሉ ፊት ለፊት የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ስለዚህ በእኛ ወረዳዎች ፓወር ሰፕላይ እንደ ጎማ አላቂ ዕቃ ሊቆጠር ይገባል፤ አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርምና። ኮምፒውተር ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበትም «ይህ የተቃጠለ ዕለት ምን አደርጋለሁ?» የሚለው ነው።

ነፋስ መውጫ ላይ አንድ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሳጥኑ ክዳን ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተኝቷል። ጠጋኙ ወጣት ከደብረ ታቦር ያስመጣውን አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከካርቶኑ አውጥቶ ሰፊውን ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት በእጁ ይዟል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ግን ባለ ስምንት ብቻ ነው። የሚጠጋጋ ነገር እንኳ የለውም። የቤቱ ባለቤት ቆመው ያያሉ።

«አንተ ልጅ፣ አዲስ አይደል እንዴ ያስመጣኸው? ምነው እንቢ አለህ?»

«እትዬ፣ ዕቃውስ ደኅና ነው። የእርስዎ ማሽን ነው ከራሱ በቀር ሌላ የማይቀበለው።»

«የራሱ ታዲያ የት ይገኛል?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። ፕሮሰሰሩ ደኅና፣ ራሙ ደኅና፣ ዲስኩ ውስጥ የደንበኛ ሥራ ሁሉ እንዳለ ነው፤ ማሽኑ ግን በድን ሆነ። እኚህን ሴት ያከሰራቸው መብራቱ ብቻ አይደለም። «ብራንድ ከሆነ አይቸግርም» ያላቸው ሰው ጭምር ነው።

ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ እንዳይመስል ዝርዝሩን ልግለጽ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን የማዘርቦርድ፣ የኬዝና የፓወር ሰፕላይ መስፈርት አወጣ። መስፈርቱ የቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የሶኬቱን ቅርጽና የእያንዳንዱን ሽቦ ቮልት ይወስናል። ዋናው መሰኪያ መጀመሪያ 20 እግር ነበረው፣ በኋላ 24 ሆነ፤ ዛሬም ያው ነው። ማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ መስፈርቱን ከጠበቀ የአንዱ ከሌላው ይገባል። ትልልቆቹ የቢሮ ኮምፒውተር አምራቾች ግን ከዚህ መንገድ ወጡ። ገበያችንን የሞላው የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ባለ 8 እግር መሰኪያ ነው። የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ባለ 6 ነው። ሌኖቮ በብዙ ቲንክሴንተሮቹ 14 አደረገው። ቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ውስጥ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ጠባብና ረዥም፣ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተቀረጸ ነው። አምራቾቹ ይህን ያደረጉት ለራሳቸው በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ቦታም ይቀንሳል። ያ ምክንያት ግን ወገዳ ላይ ያለውን የጽሕፈት ቤት አይመለከተውም።

«መቀየሪያ ገመድ አለ» የሚል ይኖራል። አለ፤ ይሠራልም። ነገር ግን ገመዱ ራሱ ከሩቅ የሚታዘዝ ዕቃ ነው፤ ቢገኝም ትልቁ ፓወር ሰፕላይ ቀጭኑ ሳጥን ውስጥ ስለማይገባ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። የሻይ ብርጭቆ በሚዞርበት፣ ሕፃን በሚገባበት ቤት 220 ቮልት የሚገባበትን ዕቃ እንዲህ አስቀምጦ መሥራትን እኔ ጥገና አልለውም።

የጭነት መኪና ባለቤቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ በፊት አውቀውታል። በጋይንት ዳገትና ቁልቁለት እህል የሚያመላልሰው አይሱዙ በየመንገዱ የበዛው ከዓለም መኪና ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ መካኒኩም በየከተማው ስለሚገኝ ነው። ሹፌሩ መኪና ሲገዛ የሚጠይቀውን ጥያቄ ኮምፒውተር ስንገዛ ለምን እንተወዋለን?

ወደ ሁለተኛው እምነት ልለፍ፤ «ኮር አይ ሰቨን ይሁን» ወደሚለው። ይህ ስም ብቻውን ስለ ማሽኑ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኮር አይ 7-2600 አራት ኮር አለው፤ በሙሉ ሥራ ላይ 95 ዋት ያህል ሙቀት እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራና ዲዲአር 3 ራም የሚቀበል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮር አይ 3-12100 እንዲሁ አራት ኮር ነው፤ የተመደበለት መነሻ ኃይል 60 ዋት ነው፤ በፍጥነት ደግሞ የቀድሞውን አይ 7 ጥሎት ይሄዳል። ልዩነቱ ያለው ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር፣ በትውልዱ ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ዛሬም ግን «አይ ሰቨን ነው» ተብሎ የ2ኛና የ3ኛ ትውልድ ማሽን ለገጠር መሥሪያ ቤት ይሸጣል፤ ገዢውም ተደስቶ ይወስደዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

«መገጣጠም አደጋ አለው፤ ካልገጠመስ?» ለሚለው ጥያቄ ዋናውን መልስ መስጠት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። አዎ፣ አደጋ አለው። ሶኬቱ ልክ ሆኖ እንኳ የማይሠራ ዕቃ አለ። ኤልጂኤ 1151 የሚባለውን የኢንቴል ሶኬት ውሰዱ። የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይቀመጥበታል፤ የ8ኛውና የ9ኛውም እንዲሁ። ነገር ግን ለመጀመሪያዎቹ የተሠራ ማዘርቦርድ ላይ የኋለኞቹን ብታስቀምጡ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። የኤኤምዲን ራይዘን 5 5600 ገዝቶ ምስል አልወጣ ሲለው ማዘርቦርዱን የሚጠረጥር ሰው ብዙ ነው፤ ያ ፕሮሰሰር በውስጡ የምስል ክፍል የለውም፣ መጨረሻው ላይ «ጂ» ያለበት 5600ጂ ግን አለው። ኢንቴልም ቁጥሩ «ኤፍ» በሚል ፊደል ካለቀ ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል አያሳይም። ዲዲአር 3 ራም ዲዲአር 4 ማስገቢያ ውስጥ ስንጥቁ ስለማይገናኝ አይገባም፤ ቮልቱም የተለያየ ነው፣ 1.5 እና 1.2። ኤም ዶት ቱ የምትባለዋ ቀጭን ኤስኤስዲም ሁለት ዓይነት ናት፣ ሳታና ኤንቪኤምኢ፤ ሳታውን ብቻ የሚቀበል ማዘርቦርድ ኤንቪኤምኢዋን አያውቃትም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ሳበቃ «አየህ፣ ለዚህ ነው ብራንድ ግዛ የምንለው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ነገር ግን ይህ ዝርዝር የተጻፈ እውቀት ነው። እያንዳንዱ የማዘርቦርድ ፋብሪካ የትኛው ፕሮሰሰር በየትኛው የባዮስ ቁጥር እንደሚሠራ፣ የትኛው ራም እንደተሞከረ በዝርዝር ያወጣል። ከመግዛት በፊት በስልክ ከፍቶ ማየት ይቻላል። የብራንዱ ሳጥን ችግር ግን የሚታወቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። አንዱ አደጋ ከመግዛት በፊት ታይቶ የሚያልፍ ነው፤ ሌላው ደግሞ ተደብቆ ቆይቶ ሰኔ ላይ፣ የተማሪ ካርድ በሚሠራበት ሰሞን የሚወጣ ነው።

አስማምቶ የመግጠም ሥራ ከግድግዳው መጀመር አለበት እላለሁ። ብዙ ሰው ከፕሮሰሰር ይጀምርና መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ብር ለፓወር ሰፕላይ ይሰጣል። ለእኛ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ዩፒኤሱ፤ ከዚያ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል እውነተኛ ባለ 450 ወይም 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ፤ ከዚያ ማዘርቦርዱ፣ በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ። እውነተኛ ያልኩት ላዩ ላይ 500 ዋት የሚል ተለጥፎበት ግማሹን እንኳ የማይሸከም ላባ የሚያህል ዕቃ ገበያውን ስለሞላው ነው። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለበትንም አልመክርም፤ አንድ ልጅ በጣቱ 115 ላይ ቢያዞረው ሲበራ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። የምስል ክፍሉን በውስጡ የያዘ ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ከኤስኤስዲ ጋር ሲሠራ የሳጥኑ ጠቅላላ ፍጆታ ትንሽ ስለሆነ፣ ተራ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ግራፊክስ ካርድ ያለውና 95 ዋት የሚጠጣ አሮጌ አይ 7 ያንኑ ዩፒኤስ ቶሎ ያደርቀዋል።

ከፍታውም አለ፤ ይህን ባሕር ዳር ያለ ሻጭ አይነግራችሁም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የምታነበው ጭንቅላት በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የምትንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል። ስለዚህ አምራቾች ለተራ ሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 3,048 ሜትር ወይም እዚያው አካባቢ ነው። ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከላይዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ በግርጌው ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብና ትምህርት ቤቱ ስንት ነው? ዲስኩ በገባበት ቀን ይሞታል እያልኩ አይደለም፤ ብዙዎች ዓመታት ሠርተዋል። አምራቹ ራሱ ካስቀመጠው ወሰን ውጭ እየሠሩ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረንም። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም፤ ለደጋው የሚስማማው እሱ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ ማቀዝቀዣውም ይደክማል፤ የደጋው ብርድ ያካክሰዋል። ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው የስማዳ ቆላ ደግሞ ሙቀትና አቧራ ነው፤ እዚያ በቀጭን ሳጥን ውስጥ የታፈነ ማሽን በጋውን አይወጣውም። ለሁለቱም ቦታ መልሱ አንድ ነው፤ ጥቂት ዋት፣ ሰፊ ሳጥን፣ በብሎን ተፈትቶ የሚጠረግ ማራገቢያ።

«ላፕቶፕ ግዛና ተገላገል» የሚለው ክርክር ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ባትሪ አለውና። ቦታ ለሚቀያይር መምህር ወይም የጤና ባለሙያ እኔም ላፕቶፕ ነው የምመክረው። ቀኑን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ማሽን ግን አይሆንም። ባትሪው በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ ኪቦርዱ ላይ ቡና ከፈሰሰ መላው ማሽን ይቆማል፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ደግሞም መብራት ሲሄድ ፎቶኮፒውና ፕሪንተሩ አብረው ይቆማሉ፤ ላፕቶፑ ብቻውን ቢበራ ለባለ ፎቶኮፒው ምን ይረባዋል?

ዋጋው? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። አዲስ ዕቃ የማይቀመስ ሆኗል፤ ያገለገለው በመግዣው ቀን ይረክሳል፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን ያገለገለ ግዙ አትግዙ አይደለም ክርክሬ። ያገለገለ ፕሮሰሰርና ያገለገለ ራም በደንብ ያገለግላሉ፤ ከሁሉ ዘግይተው የሚሞቱ ናቸው። አዲስ መሆን ያለባቸው ፓወር ሰፕላይና ዲስክ ናቸው። ያገለገለ ሙሉ ሳጥን መግዛት ግድ ከሆነም ክዳኑን አስከፍቱና ዋናውን መሰኪያ ቁጠሩ። 24 ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩም መደበኛው አራት ማዕዘን ከሆነ ውሰዱት፤ እንዲህ ዓይነት የቆዩ ትልልቅ ታወሮች በብራንዶቹም ውስጥ አሉ። ሻጩ ክዳኑን አልከፍትም ካለ ውጡ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ ለብቻው ማንሳት አለብኝ፣ ትልቁ ገዢ እነሱ ናቸውና። በጀት እንዳይመለስ ሰኔ ላይ በጥድፊያ የሚወጣው የግዥ ዝርዝር «ኮር አይ 7፣ 8 ጂቢ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ» ይላል። ስለ ፓወር ሰፕላዩ አንድ ቃል የለበትም፣ ስለ ከፍታውም የለበትም፣ ምትክ ከየት እንደሚመጣም አይጠይቅም። አንዱ ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ ባለ 8 መሰኪያ፣ ጎረቤቱ ባለ 6፣ የሚቀጥለው ባለ 14 ይገዛል። ከዚያ ሦስቱም ዕቃ ክፍል ውስጥ ይደረደራሉ፤ ከሦስት የተበላሸ ማሽን አንድ ደኅና ማሽን ማውጣት እንኳ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ይህ እየሰፋ ከሄደ በየወረዳው የሚቆመው እያንዳንዱ ማሽን የአንድ ተማሪ ወንበር ነው። መንገድ በጸጥታ ችግር የሚዘጋበትን ጊዜ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በደንብ አይተነዋል፤ ከባሕር ዳር የሚመጣ ዕቃ ደብረ ታቦርን ማለፍ አቅቶት የሚቀርበት ጊዜ ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው መስማማቱ ከአንዱ ሳጥን ውስጥ ወጥቶ ሳጥንን ከሳጥን እንዲያገናኝ ነው። መጀመሪያ ላይ የጠራኋቸው የአራቱ ከተሞች ወረዳዎች፣ ትምህርት ቤቶቻቸውና የጽሕፈት ቤቶቻቸው አንድ ዓይነት ሶኬት፣ አንድ ዓይነት ራም፣ አንድ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ይምረጡ። ኤኤም 4 የሚባለውን የኤኤምዲ ሶኬት ለምሳሌ እንውሰድ፤ የራይዘን ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለብዙ ዓመት በዚያው ሶኬት ሲወጣ ስለቆየ ዕቃው በአዲስም ባገለገለም ሞልቷል። የቆየው ማዘርቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር ከመቀበሉ በፊት ባዮሱ መታደስ እንዳለበት ብቻ ይታወቅ። ሌላም ሶኬት ሊመረጥ ይችላል፤ ዋናው አንድ መሆኑ ነው። አንድ ከሆነ የወገዳው ማሽን ሲሞት ራሙ አርብ ገበያ ያለውን ያድናል፤ የመካነ ኢየሱሱ ትምህርት ቤት ማዘርቦርድ ሲበላሽ ፕሮሰሰሩ ለሌላው ምትክ ይሆናል።

ይህን የሚሠራ ሰው የለም አይባልም። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ሠልጥነው፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፈው የወጡ ልጆች በየከተማው አሉ። መገጣጠም የተማሩት ነው። እኛ ግን ዊንዶውስ እንዲጭኑና ፍላሽ እንዲያጸዱ ብቻ ነው የምንጠራቸው፤ ግዥ ሲመጣ ሩቅ ላለ አቅራቢ እንሰጥና ሲበላሽ ወደ እነሱ እንሮጣለን። ለአሥር ማሽን መግጠሚያ የሚከፈለው ገንዘብ ለሁለት ልጆች ሥራ ይሆናል፣ የገጠመውም ሰው ከተማው ውስጥ ስላለ ሲበላሽ ይጠየቅበታል።

የሚመጣው ዓመት በጀት ከሐምሌ 1 ጀምሮ ይሠራበታል። የሚጻፈው የግዥ ዝርዝር ላይ እነዚህ ይግቡበት፦ ዋና መሰኪያው ባለ 24 የሆነ መደበኛ ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ፤ ከ8ኛ ትውልድ ያላነሰ ወይም ተመጣጣኝ ፕሮሰሰር፣ የምስል ክፍሉ በውስጡ ያለ፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ፤ በየአሥሩ ማሽን አንድ ተጨማሪ ፓወር ሰፕላይ ከነካርቶኑ ወረዳው ዕቃ ግምጃ ቤት ገቢ የሚሆን። አቅራቢው ሳጥኑን ሲያስረክብ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከከተማው ጠጋኞች አንዱ በተገኘበት መሰኪያው ይቆጠር።